ሊዝበንን ያላየው ደራሲ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ግርማ አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝና "ይኸው ፊደልሽ" አሉኝ። ቁልፎቹ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አንዱን ፊደል ለማግኘት አንድ ቁልፍ ይበቃል፣ ሌላውን ለማግኘት ሁለት መንካት ያስፈልጋል። እኔ አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አራሚ ሆኜ ስሠራ የማውቀው የእርሳስ ፊደል ነበር፤ በመሳቢያ የተደረደረ፣ ከባድ፣ እጅ የሚያጠቁር። ፊደሉ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ተገልብጦ የተደረደረ ገጽ እንደ ቀና ገጽ አድርጌ አነብ ነበር። እዚህ የሚገለበጥ ነገር የለም።

"ለመልመድ ስንት ቀን ይበቃሻል?" አሉኝ።

"አንድ ሳምንት" አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ማተሚያ ቤቱ ከአትላንታ መሀል ወጣ ብሎ፣ በጎማ መሸጫና በዊግ ሱቅ መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነበር። አንድ የኦፍሴት ማሽን፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ፣ በእግር የሚረገጥ አንድ ስቴፕለር አለን። ማሽኑን አንድ ሜክሲኳዊ ያንቀሳቅሳል፣ ደንበኛውን አቶ ግርማ ያነጋግራሉ፣ መልቀምና ማረም የእኔ ነው። የምናትመው የሠርግ ካርድ፣ የጾም ካላንደር፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ነው። መጽሐፍ አልፎ አልፎ ይመጣል።

በሁለተኛው ወር "የሠርግ ጥሪ" የሚለውን "የሠርግ ጥሬ" ብዬ ለቀምኩና አይቼ አሳለፍኩት። ካርዱ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ በሪባን ታስሮ ሄደ። የሙሽራዋ እናት ካርዱን ይዘው ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ጥሬው ሥጋው ነው ወይስ ሙሽራዋ?" አሉኝ። አልሳቁም። ሁሉንም እንደገና አተምነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገጽ ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ አንዴ ለሐሳቡ ወደ ፊት፣ አንዴ ለፊደሉ ከመጨረሻው ቃል ወደ ኋላ፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጌ። ወደ ኋላ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ ስለማይስብ ዓይን አይታለልም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ማዕረጉ የታወቀ ነበር፤ ለቃሚ፣ አራሚ፣ ዋና አራሚ፣ ከሁሉም በላይ አርታኢ። ዋና አራሚያችን የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝ "አራሚ ፊደል ያያል፣ ሐሳብ አይነካም" የሚል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሐሳብ ነክቼ አላውቅም። አትላንታም መጥቼ ያንኑ ይዤ ቀጠልኩ።

መምህር አያሌው የመጡት በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። በሰማያዊ ፌስታል አራት ደብተር ይዘዋል። ደሴ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ በሱዳን በኩል ተሰደው ካርቱም ሁለት ዓመት ቆይተው ወደ አሜሪካ መጥተዋል። አሁን መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይሰጣሉ። የሚኖሩት ከአትላንታ ወጣ ባለችው ሎረንስቪል፣ ፋርማሲስት የሆነች ልጃቸው ሜሮን ቤት ነው።

"የሚለቅሙት እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ፊደሉ ተለቅ ይበል።"

"ለምን?"

"ዓይኔ እየሄደ ነው። ግላኮማ ነው ይላሉ። የያዝኩትን ልብ ወለድ ታትሞ በገዛ ዓይኔ ላነበው እፈልጋለሁ።"

ይህን ሲሉ የአውቶቡስ ሰዓት የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። "ይሁን" አልኩና ደብተሮቹን ተቀበልኩ።

ታሪኩ የብርቅነሽ ነው። ብርቅነሽ የደሴ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ከወንድሟ ቤት ትኖራለች። ወንድሟ ያዛታል፣ የወንድሟ ሚስት ታዛታለች፣ ሹሙ ያዛታል፣ ጎረቤት ልጅ ጠብቂልኝ ይላታል። ለሁሉም "እሺ" ትላለች። የመጀመሪያውን ደብተር ስለቅም ሥራ ላይ መሆኔን ረሳሁ። የወንድሟ ሚስት የብርቅነሽን አዲስ ነጠላ ሳትጠይቅ ለብሳ ለቅሶ ስትሄድ፣ ብርቅነሽ ደጅ ድረስ ወጥታ ጫፉን አስተካክላ ትሸኛታለች። እዚህ ላይ ጣቴን ከቁልፉ አንስቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ብርቅነሽ ለሦስት ወር ሥልጠና ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ትላካለች። እዚህ ላይ መጽሐፉ ሞተ። ስልሳ ገጽ ሙሉ ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ የደወል ቤት ነው። የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። በመጨረሻ ከባሕሩ ዳር ትቆምና "በዚያች ቅጽበት ብርቅነሽ ራሷን አገኘች" ይላል። በሚቀጥለው ገጽ ደሴ ተመልሳለች፤ ሌላ ሰው ሆናለች፤ ወንድሟ ይፈራታል።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር አጠገብ "እንዴት?" ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ፊደል ያልሆነ ነገር ሳርም ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መምህር በሁለት ሳምንታቸው ማረሚያውን ሊያዩ መጡ። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ሳይሆን ጭንቅላታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነቡት። ቀዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጥያቄ ነው፣ መምህር። ራሷን እንዴት አገኘች? ባሕር ዳር ከመቆሟ በቀር ያደረገችው ነገር የለም።"

"እርስዎ አራሚ ነዎት ወይስ ሐያሲ?"

"አራሚ ነኝ።"

"እንግዲያው ፊደሉን ያርሙ" አሉና ወረቀቱን አስቀምጠው ወጡ። በሩን ሲከፍቱ እጀታውን ሁለት ጊዜ ስተውት ነበር።

አቶ ግርማ ሰምተዋል። "ምን ብለሽው ነው ተቆጥቶ የወጣው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እንዳለ ልቀሚው" አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን መምህር ደወሉ። ሰላምታም አላስቀደሙ። "ለመሆኑ ባሕር ሰው አይለውጥም?" አሉኝ።

"እኔ ወደዚህ ስመጣ ከአውሮፕላን ላይ ባሕር አይቻለሁ፣ መምህር። አልለወጠኝም።"

"ታዲያ እርስዎን የለወጠዎት ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አስቤ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሐሙስ በምሳ ሰዓቴ ባቡር ተሳፍሬ ዳውንታውን ወረድኩ። የመኪና ማቆሚያው ከአንድ ሆቴል ጀርባ ነው። መምህር አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ያወቁኝ በድምፄ ነው። የሶዳ ሣጥን ገልብጠው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡልኝ።

"መልሱን አገኙት?" አሉኝ።

"አዎ። ቀይ ጫማ ነው።"

ታሪኩን ነገርኳቸው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ጫማ ልገዛ ገባሁ። ሻጯ "የትኛውን ወደድሽው?" አለችኝ። አዲስ አበባ ጫማዬን የምትመርጠው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ሰው ምን ይላል የማያሰኝ። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ምን እንደምወድ አለማወቄን ተረዳሁ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አያውቀኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ ለማን ልጅ ለቅሶ እንደደረስኩ የሚያውቅ የለም። ቀዩን አነሳሁ። ይሉኝታዬ ከቦሌ አልተሳፈረም ነበር።

መምህር ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"እርስዎስ?" አልኳቸው። "ካርቱም እንደደረሱ፣ ደሴ ቢሆን የማያደርጉትን ምን አደረጉ?"

መኪና መጣ። ቲኬት ቆርጠው ሰጡ። ሌላ መጣ። ሁለተኛውን ሲሰጡ ወረቀቱ ከሾፌሩ እጅ ራቅ ብሎ አየር ላይ ቀረ፤ ሾፌሩ ተንጠራርቶ ወሰደው።

"ካርቱም ምግብ ቤት ድስት አጥብ ነበር" አሉ። "አብሮኝ አንድ የወሎ ልጅ ይሠራል። ወባ ያዘውና እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያጥበው። ባለቤቱ አማርኛ ስለማይችል እኔን ጠራኝ። 'ነገ እንዳይመጣ ንገረው' አለኝ። እኔ ደሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለዳይሬክተር፣ ለቀበሌ፣ ለመጣው ሁሉ እሺ ያልኩ ሰው ነኝ። አምጣ ሲሉኝ ሰጥቻለሁ፣ ፈርም ሲሉኝ ፈርሜያለሁ። ያን ቀን ከአፌ 'ላ!' የሚል ወጣ። በዐረብኛ 'አይሆንም' ማለት ነው። ጮክ ብዬ! ዞር ብዬ ማን እንደተናገረ አየሁ።"

"ከዚያስ?"

"ሁለታችንንም አባረረን። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ 'እሺ ጌታዬ' ብዬ ለልጁ እነግረው ነበር። በዐረብኛ ግን አባት የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ያሳደገኝ ጎረቤት የለም። ውስጤ እንደዚያ ያለ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።"

"መምህር፣ ብርቅነሽ የምትፈልገው ይህን ነው።"

"ብርቅነሽ ሊዝበን ናት። እኔ ካርቱም ነበርኩ።"

"ሊዝበን ለእርሷ ካርቱም ናት። ማንም የማያውቃት ቦታ ናት። እርስዎ ግን ከኮረብታው ጋር አስተዋወቋትና ከሰው ጋር ሳያገናኟት መለሷት።"

ከኋላ የቆመ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ቲኬት ሰጥተው ተመለሱና "ስንት ገጽ ነው የሚጣለው?" አሉኝ።

"ስልሳ።"

"ጊዜ እንደሌለኝ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ይጣል" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር በወፍራም ጥቁር ማርከር ይጽፉ ጀመር፤ በአንድ ገጽ ስድስት መስመር ብቻ። ሊዝበንን አያውቋትም፤ የመረጧት በክፍላቸው ካርታ ላይ ከመሬቱ ጫፍ ስለነበረች ነው። ነገር ግን አብሯቸው የሚሠራ ዶሚንጎስ የሚባል አንጎላዊ ሊዝበን አምስት ዓመት ኖሯል። ስለ ኮረብታና ድልድይ አልጠየቁትም። "ዓሣ እንዴት ነው የሚገዛው? ሰው የሚቆጣው በምንድን ነው?" ብለው ነው የጠየቁት። የእግረኛ መንገዱ በነጭ ትንንሽ ድንጋይ የተነጠፈ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲነካው እንደሚያዳልጥ፣ ዓሣ ገበያ ተራህን ካልጮኽክ እንደማይደርስህ ነገራቸው። ከዚህች ላይ ተነሡ።

ወር አለፈ። አቶ ግርማ ጠረጴዛዬ ላይ መጡ። "የዚያ የመምህሩ መጽሐፍ ለምን አልወጣም?"

"እንደገና እየጻፉት ነው።"

"ያጻፍሽው አንቺ ነሽ። ደንበኛ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሊታተምለት ነው፣ ሊማር አይደለም። የመጀመሪያው እንደነበረ ነገ የማተሚያ ፊልም ይውጣለት።"

"እምቢ" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ሥራ የሰጡኝ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ እንግዳ ሆኜ ስመጣ ቤት ያፈላለጉልኝ ሰው ናቸው።

"ኖ" አልኩ። በእንግሊዝኛ።

"ምን አልሽ?"

"ኖ፣ አቶ ግርማ። ነገ አይወጣም። መምህሩ ራሳቸው ነገ ይውጣ ካሉ ግን አሁን እጀምራለሁ።"

አተኩረው አዩኝ። ወደ ማሽኑ ሄደው ቀለም የሚያዩ መሰሉ፤ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። "ሌላው ሥራ እንዳይጓደል" አሉ። አልተጓደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ የመኪና ቁልፏን በእጇ ይዛ ገባች።

"የሺ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ሜሮን ነኝ፣ የአያሌው ልጅ። ሊስን፣ አባዬ ቴስት አደረገ ላስት ዊክ፣ ኦኬ? በጣም ባድ ነው። በጎን ምንም አያይም፣ መሀሉም እየሄደ ነው። አንቺ ደግሞ ሪራይት አድርግ ትይዋለሽ። ዋይ? እሱ የፈለገው መጽሐፉን ይዞ ማንበብ ነው፣ ዛትስ ኢት። ፕሊዝ፣ ጀስት ፕሪንት አድርጉት። አንድ ቀን እንኳ ያንብበው።"

እናቷ ልሆን የምችለውን እኔን "አንቺ" ማለቷ አልቆረቆረኝም፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አነጋገር ነው። የቆረቆረኝ እውነቷን መሆኑ ነው። እኔ ትክክለኛ መጽሐፍ ፈልጌ ሰውየው መጽሐፉን የሚያነብበትን ዓይን እየበላሁበት ነው። ሜሮን ፊት ስልኩን አንሥቼ መምህር ዘንድ ደወልኩ።

"መምህር፣ የመጀመሪያውን እናትመው። ዛሬ ብጀምር በሁለት ሳምንት እጅዎ ይገባል። አዲሱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ እትም ይሆናል።"

"ማን ነገረሽ? ሜሮን እዚያ ናት?" አሉ። 'እርስዎ' ቀርቶ 'አንቺ' ያሉኝ ያኔ ነው።

"አዎ።"

"ስሚ፣ የሺ። ያንን መጥፎውን አንብቤዋለሁ። እሱን እንደገና ለማንበብ የቀረኝን ዓይን አላባክንም። ያላለቀውን እጨርሳለሁ። ለሜሮን ስጫት።"

ስልኩን ሰጠኋት። የሰማችውን አልሰማሁም። "እሺ አባዬ፣ እሺ" ብላ ዘጋችና ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ማርከሩንም ማየት አቁሟል" አለችኝ። "እኔ ታይፕ ላድርግለት ነው የሚለው። ግን ሚ? አማርኛ መጻፍ አልችልም።"

"በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው። ወደ እኛ ፊደል የምመልሰው እኔ ነኝ።"

ሥራው እንዲህ ሆነ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሎረንስቪል ሳሎናቸው ውስጥ መምህር ይናገራሉ፣ ሜሮን በላቲን ፊደል ትጽፋለች። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ወረቀቱን ማተሚያ ቤት በር ሥር ታስገባልኛለች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ማረሚያ አልገጠመኝም። የላቲኑ ፊደል ጠ'ን ከተ፣ ቀ'ን ከከ አይለይም። አንድ ሰኞ የብርቅነሽ አባት ተከበረ ወይስ ተቀበረ የሚለውን መለየት አቅቶኝ ሜሮን ሥራ ቦታ ደወልኩ።

"ሁለቱ ዲፈረንት ናቸው እንዴ?" አለች።

"አንዱ ክብር አግኝቷል፣ ሌላው ሞቷል።"

"ኦ ማይ ጋድ። ሞቷል፣ ሞቷል!" አለች። መድኃኒት የሚቀበል ሰው ፊቷ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጀርባ የደነገጠ ድምፅ ሰማሁ።

የዓሣ ገበያው ምዕራፍ ሲመጣ ሜሮን በሩ ሥር አላስገባችውም። ገብታ በእጄ ሰጠችኝና ቆመች። "አባዬ ትናንት ነገረኝ። ካርቱም 'ላ' ያለው፣ ለታመመው ሰው፣ ትሩ ነው?" አለችኝ።

"ነው።"

"እኛን ሥራ ለቀቅኩ ነው ያለን። እኔ ትንሽ ነበርኩ። ማዘር ለምን ለቀቅክ ብላ ስትጮህበት አስታውሳለሁ። እሱ ዝም አለ። እኔ ኦልዌይስ ዊክ ነው ብዬ ነው የማስበው፤ ለሁሉም ሰው እሺ የሚል።" ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ምዕራፉን አንዴ አንብቤ አልተውኩትም፤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ብርቅነሽ ዓሣ ገበያ ቆማለች። ተራዋ ይደርሳል፣ ሰው ይቀድማታል፣ ዝም ትላለች። እንደገና ይደርሳል፣ ሌላ ይቀድማታል። ሦስተኛው ሰው ቅርጫቱን ከእርሷ ቅርጫት ላይ ያስቀምጣል። ያኔ "ናዎ!" ትላለች፤ በአገሩ ቋንቋ "አይሆንም" ነው። በሥልጠናው ክፍል የተማረችው ቃል ነው፤ በደብተር ጽፋው እንጂ ተናግራው አታውቅም። ገበያው ዞሮ ያያታል። ዓሣ ሻጯ ትስቅና የእርሷን አስቀድማ ትመዝናለች። ብርቅነሽ ዓሣዋን በጋዜጣ ተጠቅልሎላት፣ በሚያዳልጠው ነጭ ድንጋይ ላይ ወደ ማደሪያዋ ትሄዳለች። ደረጃው ላይ በአማርኛ "እምቢ" ልትል ትሞክራለች። አይወጣላትም። በእያንዳንዱ ደረጃ ትሞክራለች። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ይወጣላታል፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ባሕሩ በመስኮት ይታያል፤ አታየውም።

ከዚህ ገጽ ያስተካከልኩት ሁለት ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ከጥረዛ የወጣው በመኸር አጋማሽ ቅዳሜ ቀን ነው። መምህር በሜሮን ክንድ ተደግፈው መጡ። አቶ ግርማ ራሳቸው ተነሥተው ወንበራቸውን ከመስኮቱ አጠገብ አደረጉላቸው። የመጀመሪያውን ቅጂ ሰጠኋቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ገጾቹን በአውራ ጣታቸው አርገበገቧቸው፣ አሸተቱት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። አራቁት። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ማሽኑ ቆሟል፤ ሁላችንም እናያቸዋለን።

"አይታይም" አሉ።

ሜሮን ፊቷን አዞረች። እኔ አሳስቼዎታለሁ ልል ነበር፤ ገና ሳልጀምር እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ነኝ የመረጥኩት" አሉ። "ማንበብና መጻፍ እኩል ሊደርሱልኝ አልቻሉም። መጻፉን መረጥኩ። አሁን የዓሣ ገበያውን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። መምህር ከንፈራቸው ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ደረጃው ጋ ስደርስ ሜሮን መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ ፊደል በፊደል፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያነብ አነበበች። ሦስቱን ፎቅ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። መምህር ሁለቴ አረሟት። ማንም አላቋረጣቸውም፤ ስልክ ጮኾ አቶ ግርማ አላነሡትም።

መጽሐፉ ተሸጠ፣ ተነበበ። እዚሁ አትላንታ አጠገብ ካለችው ሊቶኒያ አንዲት ሴት ደውለው "ይህ ሰው ሊዝበን የኖረው መቼ ነው? አክስቴ እዚያ ነበረች፤ ያውቃት እንደሆነ" ብለው ጠየቁኝ። መምህር ሊዝበን ሄደው አያውቁም አልኳቸው። አላመኑኝም። መምህር ሁለተኛ መጽሐፍ በቴፕ እየተናገሩ ጽፈው ጨርሰዋል፤ የለቀመችው ሜሮን ናት፣ በእኛው ፊደል።

አቶ ግርማ ማተሚያ ቤቱን ሸጠው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከእርሳቸው ጋር ሠራሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ቤቴ ሆኜ የሰው ረቂቅ አነባለሁ። የሚመጣልኝ ብዙው ስለ ጉዞ ነው፤ ደራሲዎቹ ገጸ ባሕሪያቸውን ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሎንዶን ይልካሉ፣ ራሱን አግኝቶ ይመለሳል። ወጣት አርታኢዎች እነዚህን ረቂቆች እንዴት እንደማያቸው ይጠይቁኛል።

የምላቸው ይህ ነው። የከተማው ሥዕል ትክክል ይሁን አይሁን በኋላ ይታረማል። መጀመሪያ ገጸ ባሕሪው እዚያ ሆኖ፣ አገሩ ቢሆን የማያደርገውን ምን እንዳደረገ ፈልጉ። ካገኛችሁት በዚያ ላይ ሥሩ። ካላገኛችሁት፣ ለደራሲው ንገሩት፤ ጊዜ ባይኖረውም ንገሩት፣ ከዚያ የሚመርጠው እርሱ ነው።